መቃ እና መቃን

መቃ የት ይበቅላል ፒያሳ መሐል ላይ?
ወንዙ ቱቦ ገባ፣ ዳሩ ሆነ ድንጋይ።
ከሠራተኛ ሰፈር፣ ከፍርስራሹ ጎን
መቃ ያጣው እጄ አነሣ መቃን፤
የቤታችንን በር፣ የግራውን ወገን፣
ዶዘር ነክሶ ነክሶ ትቶት የሄደውን።
ሦስት ቀለም ደርቧል፤ ላዩ ሰማያዊ፣
መካከሉ አረንጓዴ፣ ሥሩ ቡኒ፣ ጥንታዊ።

«ለማገዶ ነው?» አለኝ ዘበኛው፣ ዱላውን ተደግፎ።
«አዎ» ብዬ ዋሸሁ። ዋሽንቱም በውሸት ተጀመረ።
ሃምሳ ብሬን ተቀበለ፤ ወደ ብርሃን ይዞ አይቶ፣ አጥፎ።

ጋሽ ሽብሩ ሳቀብኝ።
«ዋሽንት? ከዝግባ? መቃ እኮ ሲፈጠር ሆዱ ባዶ ነው፤
ይሄ ግን ጥጋበኛ ነው፣ ሆዱ ሙሉ ነው፤
አሁን አንተ ረሃብ ልታስተምረው ነው?»
ሞርሳውን ግን ለቀቀልኝ፤ እሱም ሥራ ከፈታ ቆይቷል፣
የእንጨት በር የሚያሠራ ሰው ከፒያሳ ጠፍቷል።

በቀጭኑ መጋዝ ለሁለት ሲሰነጠቅ
ሽታው ትኩስ ወጣ፣ ስልሳ ዓመት የኖረ በቀለም ሥር ድብቅ።
በመሮ ቦረቦርነው፤ የኔው ጎረበጠ፣ የሱ ለሰለሰ፤
አንድ ሚስማር ተገኘ፣ ባለ አራት ማዕዘን፤ ሲነቀል አለቀሰ።
ኮላ ቀብተን ገጠምነው፤ አሮጌ ከመነዳሪ ቀደን
ጠፍረን አሳደርነው፣
ወጌሻ እንደሚያስር የተሰበረ ክንድን።

ሲነጋ የቀረው ቀዳዳ ነበር።
ጋሽ ሽብሩ ሜትሩን ከኪሱ መዘዘ።
እኔ ግን አልለካሁም፤ ተለክቶ ነበር።

አባቴ በየዓመቱ፣ በዕንቁጣጣሽ ዋዜማ፣
ጀርባዬን ከመቃኑ ያስጠጋል፤ «ተረከዝህ መሬት ይንካ፣ ስማ!»
ከዚያ በምላጭ ጫፍ፣ አናቴን ታክኮ፣ አንዲት ጭረት።
የአምስት ዓመት፣ የስድስት፣ የሰባት፣ የስምንት።
ከስድስት እስከ ሰባት ግን
ያደግሁት አንዲት ጥፍር ብትሆን ነው፤
አባቴ ከፋብሪካ የተባረረበት፣
ሽሮው ቀጥኖ ቀጥኖ
የሳህኑ አበባ ከሥር የሚታይበት ዓመት።

ፌሮውን በከሰል አግለን በጭረቶቹ ላይ ወጋን።
«ተው» አለኝ ጋሽ ሽብሩ፣ ከጭሱ ውስጥ እየሳለ፣
«ሁለቱ ተጣበቁ፤ አንድ ጣት ሁለቱን ይደፍናል፤
ቅኝት አይወጣውም።»
«አይውጣው» አልኩ።

ነፋሁት።
ትዝታ አይደለም፣ ባቲ አይደለም፣
አምባሰል ቢሉት አምባሰል አይደለም።
የአምስት ዓመቱ ድምፅ ፉጨት ሆኖ ሾለከ፤
የስምንቱ ወፍሮ፣ ጎርነን ብሎ፣ ጉሮሮው ላይ ታነቀ።
ከሁለቱ መሐል፣ ጥንዶቹ ላይ ስደርስ፣
ጣቴን በግማሽ ሳነሣ
የወጣው ሙዚቃ አልነበረም፤
ሲጥ ያለ ነገር፣
ማጠፊያው የዛገ በር በሌሊት በትከሻ ሲገፋ፤
ሥራ ሲፈልግ ያመሸ ሰው
ልጆቹ እንዳይነቁ ትንፋሹን ውጦ ሲገባ።

ጋሽ ሽብሩ መሮውን አስቀመጠ።
ብዙ ዝም አለ።
«በሩ ዘይት ይፈልጋል» አለ በመጨረሻ፣
የኑግ ዘይት ያለበት ጨርቅ ወረወረልኝ፣ አሮጌ ቁራሽ።

ክረምቱ ሲወጣ ቆርቆሮው ተነሣ፣ መንገዱ ተነጠፈ።
ሳሎናችን በግምት ከዚህ አምፑል እስከዚያ አምፑል ነው፤
የወላጆቼ አልጋ ብስክሌት የሚያልፍበት ላይ ነው።
በሩ በነበረበት ቆሜ
እነፋለሁ።

ያ ዘበኛ መጣ፤ አዲስ ካፖርት፣ ያው ዱላ።
«ስማ፣ ማገዶ ነው አላልከኝም?»
«ነዋ» አልኩት፤ «እየነደደ ነው። ቅረብና ሙቅ።»
አየኝ። ዱላውን ብብቱ ውስጥ ከተተ፣
ሁለት መዳፉን ወደ ዋሽንቱ ዘረጋ፣
ከምሩ እንደሚሞቅ ሰው።

ሃምሳ ብሬን ግን አልመለሰልኝም።